የድስቴ ለቀማ

ጆንያ የሚሸት ቦታ ብዙ መቆም አልወድም። ባለፈው ለሥራ ወደ ቴፒ ስሻገር ሚዛን ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ የቡና መጋዘን በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። መኪናው አልመጣም፤ ዝናቡም አላባራ አለ። ከውስጥ የጆንያ፣ የደረቀ ቡና ገለባና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ይመጣል። ዘበኛው ወንበር አውጥቶ «ተቀመጪ እህቴ፣ የዚህ አገር ዝናብ እንደሆነ ቶሎ አይተውም» አለኝ። ተቀመጥኩ። እንቢ ማለትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል። በዚህ ዕድሜዬ ለማስታወስ የምሰንፍባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ግን ሳልጠራው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

በዚያ ዓመት እናቴ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ መጋዘን ቡና ትለቅም ነበር። ለቀማ ስል ከዛፍ ላይ ማውረዱን ማለቴ አይደለም፤ እሱ የገጠሩ ሰው ሥራ ነው። የነእማዬ ለቀማ ታጥቦና ደርቆ በጆንያ የመጣውን ቡና እየዘረገፉ ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰባበረውን ከደህናው መለየት ነበር። ሴቶቹ ሲሚንቶው ላይ በረድፍ ይቀመጣሉ፣ እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ቀና የሚል የለም። አለቃቸው እትዬ በላይነሽ በመሀላቸው እየዞረች ከየሰፌዱ አንዳንድ እፍኝ ታነሣለች። እፍኙ ውስጥ ጥቁር ፍሬ ከተገኘ ሰፌዱ እንደገና ይለቀማል። ደጋግሞ የተገኘባት ሴት ደግሞ በማግስቱ አትመጣም።

እማዬ ግን ቀና ትል ነበር። ዝናዋም ይኼው ነበር። ሌሎቹ አንገታቸው እስኪንቋቋ አጎንብሰው ሲውሉ እሷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ወሬ ታወራለች፤ ጣቶቿ ብቻ ሰፌዱ ውስጥ ይሮጣሉ። ፍሬውን በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሀል አንድ ጊዜ አሸት ታደርገዋለች፤ ከዚያ ወይ ትጥለዋለች ወይ ትተወዋለች። ጥቁሩ ፍሬ ቀለል ይላል፣ ቆዳውም ይሻክራል ትለኝ ነበር። «አልማዝ እኮ ሳታይ ነው የምትለቅመው» ይባባላሉ ሴቶቹ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ብስክሌት እጁን ለቆ እንደሚነዳ ጎረምሳ ነበር የምትታየኝ፤ ልቤ እስኪሞላ እኮራባት ነበር።

ከጎኗ የምትቀመጠው ማርታ ነበረች፤ ከሸዋ ቤንች የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ ሴት። የእማዬ ሰፌድ ሊሞላ ሲል ማርታ እጇን ሰደድ አድርጋ ጥቂት ፍሬ ታነሣና ወደ ራሷ ትወስዳለች። ይኼን ሦስት አራት ቀን አየሁ። ሌባ ናት ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ለእማዬ በጆሮዋ «ማርታ ቡናሽን ትሰርቅሻለች» ስላት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ክንዴን ጨበጥ አድርጋ «ይኼን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ሌባዋን የምትሸፍንላት በደግነቷ መሰለኝ።

እትዬ በላይነሽ ሹፌር ወንድም ነበራት። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ቡና አራግፎ ሲመለስ ለልጇ ለናቲ ያገለገለ የቴሌቪዥን ጌም ይዞለት መጣ። አራት ጆይስቲክ አለው፤ ካሴቱ ግን አንድ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ድስት ራሱ ላይ የደፋ አንድ ወፍራም እንስሳ ተሥሏል። የአንድ የጃፓን ካርቱን ጌም ነው አለን ሹፌሩ፤ ካርቱኑን ግን እሱም አላየው፣ እኛም አላየነው። እንስሳው ምን እንደሆነ አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። ናቲ ውሻ ነው አለ። የማርታ የእህት ልጅ ጴጥሮስ፣ እንደ እኔ አራተኛ ክፍል የሚማረው፣ ነገሩን በእርጋታ አሰበበትና «ውሻ ድስት አይደፋም» አለ። እንስሳውን በመጨረሻ ድስቴ አልነውና ተገላገልን።

ካሴቱ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ጨዋታዎች ነበሩ። ምርጫው ሁሉ በጃፓን ፊደል ስለተጻፈ የእያንዳንዱን ጨዋታ ሕግ የተማርነው እየተሸነፍን ነው። ስማቸውንም እኛው አወጣንላቸው። ድስቴና ሦስት ጓደኞቹ በእንጨት ላይ ወንዝ የሚሻገሩበትን «ድልድይ»፣ የሚያዛጋውን ዓሣ ጥርስ የሚቆጥሩበትን «ጥርስ ሐኪም» አልነው። ዓሣው ለምን ጥርሱ እንደሚቆጠር እስከ ዛሬ አላውቅም። መብራት በፈረቃ ስለነበር ሰፈሩ ሲበራ ደብተራችንን ጥለን እየሮጥን ነበር የምንሄደው። አምፖሉ መወዛወዝ ሲጀምር፣ ሳይጠፋ አንድ እንጨርስ ብለን እንጣደፋለን፤ ሁልጊዜም ላሸንፍ ስል ይጠፋል።

ከሁሉም አንዱ ጨዋታ የኛ ነበር። ከትልቅ ዛፍ ላይ ፍሬ ይወርዳል፤ ቀይና ጥቁር፣ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላ እየፈጠነ። ቀዩ ሲመጣ በአንዱ ቁልፍ ድስትህን ትከፍታለህ፤ ጥቁሩ ሲመጣ በሌላው ትዘጋለህ። ጥቁር ከገባብህ እንስሳህ ያስለዋል፤ ብዙ ከገባብህ ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ይወድቃል። ስሙን ማንም አላወጣውም፣ ሁላችንም አንድ ላይ «ለቀማ!» ብለን ጮህን። እትዬ በላይነሽ ለቃሚዎቹን ስታስፈራራ «ጃፓኖች አንድ ጥቁር ፍሬ ካዩ መርከብ ሙሉ ቡና ይመልሳሉ» ትል ነበር። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ቡናችንን የሚገዙት እነሱ፣ ጌሙን የሠሩት እነሱ፤ ታዲያ ጨዋታው ስለኛ ካልሆነ ስለማን ሊሆን ነው? እኔ ደግሞ ከዚህም አለፍኩ። አንድ ሰው አንድም ጥቁር ሳያስገባ ከጨረሰ ጃፓን አገር የሆነ ቦታ ይታወቃል ብዬ አመንኩ። ያን ሰው ፈልገው ይመጣሉ።

«እናቴ ብትጫወት ሁላችሁንም ትዘርራችሁ ነበር» አልኩ አንድ ቀን ናቲ ሲያሸንፈኝ።

«እናትሽ ጆይስቲክ ይዛ ታውቃለች?» አለና ሳቀ።

«ሳታይ ነው የምትለቅመው! ጠይቅ እናትህን!»

ከዚያ በኋላ ናቲ በተገናኘን ቁጥር «እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» ይለኛል። ትምህርት ቤትም ወሬው ደረሰ። እማዬን ለመንኳት፤ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ደክሞኛል ልጄ»። እውነትም ይደክማት ነበር። ከሥራ ስትመጣ ዓይኗን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቤቱን ሥራ አብዛኛውን ወደ እኔ አዙራው ነበር። ምስር የምለቅመው እኔ ነኝ። መርፌ ላይ ክር የማስገባው እኔ ነኝ። ገበያ ስንሄድ ትከሻዬን ይዛ ትሄዳለች፤ ሰው ከፊት ሲመጣ ማን እንደሆነ ቀድሜ እንድነግራት አስለምዳኛለች፤ «እትዬ እገሊት መጣች» ስላት እሷ «እንዴት አደርሽ እገሊት!» ትላለች። ስም ይጠፋታል ብዬ ነበር የማስበው። ሴት ልጅ እንዲህ ነው የምትሠለጥነው ብዬም ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት አሠርታ ኖሮ አንድ እሁድ ለምርጊት ለቃሚዎቹን ጠራች። ጠራች ነው የሚባለው፤ የሚቀር ግን የለም። የኛዎቹ ከቅዳሴ መልስ፣ እነማርታ ከቸርች መልስ መጥተው ጭቃና ጭድ ሲረግጡ፣ ሲመርጉ ዋሉ። ሳምንቱን ሙሉ አጎንብሰው የዋሉ ሴቶች በእረፍት ቀናቸው ደግሞ ቆመው ዋሉ። ግድግዳው ሲያልቅ እጃቸውን ታጥበው ሳሎን ገቡና ምንጣፉን እንዳያቆሽሹ እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። መብራት ነበረ። ናቲ ጌሙን ከፈተ።

«በሉ እንግዲህ፣ እትዬ አልማዝ ዛሬ መጥተዋል!» አለ።

እማዬ «ተወኝ የኔ ልጅ፣ እጄ ጭቃ ነው» አለች። ሴቶቹ ግን ያዟት። «አልማዝ፣ ልጅሽን አታሳፍሪያት!» «ሳታይ የምትለቅሚው ወሬ ነው እንዴ?» ማርታ ብቻ «ተዉአት፣ ደክሟታል» አለች፤ የሚሰማት አልነበረም። እኔ የእማዬን ቀሚስ ይዤ እጎትታለሁ። ወደ እኔ ፊቷን አዞረች፤ ቆይታ «እሺ» አለች። ያቺን እሺ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ እንኳ አልረሳኋትም።

ናቲ፣ ጴጥሮስ፣ እኔና እማዬ አራቱን ጆይስቲክ ያዝን። እማዬ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተጠግታ ተቀመጠች፤ በጣም ተጠጋች። «ራቅ ይበሉ እትዬ፣ ዓይን ያማል» አላት ናቲ። ቁልፎቹን አስነካኋት፤ «ይኼ ለቀዩ፣ ይኼ ለጥቁሩ»። ጣቶቿ ወዲያው ያዟቸው። አሁን ታያላችሁ ብዬ ዙሪያዬን ተመለከትኩ።

ፍሬው መውረድ ጀመረ። እማዬ ለመጀመሪያው ጥቁር ድስቷን ከፈተች። ለሁለተኛውም ከፈተች። ቀይ ሲመጣ ዘጋች። የኔን እየተውኩ የሷን አያለሁ። አንገቷን ወደ ፊት ሰግጋ፣ አውራ ጣቷ ቁልፉን እያሸ እያሸ ነበር፣ ሰፌዱ ላይ ፍሬውን እንደምታሸው። ቁልፉ ግን ለስላሳ ላስቲክ ነው፤ ለቀዩም ለጥቁሩም ያው ነው። እንስሳዋ አሳለ፣ አሳለ፣ አረንጓዴ ሆነና ተዘረረ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እማዬም «ወይ የጃፓን ነገር!» ብላ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ማርታ አልሳቀችም። እትዬ በላይነሽም የተቀቀለ ጎደሬ በትሪ ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች አልሳቀችም።

«እስቲ ድገሚው አልማዝ» አለች፤ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ደገመችው። ይባስ ብሎ ቶሎ ወደቀች። እኔ ፊቴ እሳት ሆነ። አውቃ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የአለቃዋን ልጅ ላለማሸነፍ ብላ አውቃ ነው። ናቲ የጆይስቲኩን ገመድ ይጠቀልላል፤ አለመሳቁ ከሳቁ ይልቅ አናደደኝ።

እትዬ በላይነሽ «ነይ ልጄ፣ ዳጣውን ስፈጭ አግዢኝ» ብላ ወደ ማድ ቤት ጠራችኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም።

«እናትሽን በሥራ ታግዣታለሽ?»

«አዎ! ምስር የምለቅመው እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ። ልብስ ስትሰፋስ?»

«ክሩን የማስገባላት እኔ ነኝ። እሷ ይደክማታል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የጎበዝሽው?»

«ሦስተኛ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ። መንገድ ላይም ሰው ሲመጣ ማን እንደሆነ ቀድሜ የምነግራት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ ዕቃ ካስቀመጥኩበት እንዳይነቃነቅ እጠብቃለሁ።» የተሸነፈችው እናቴ ቢያንስ ጎበዝ ልጅ እንዳላት ይታወቅልኝ ብዬ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አስከተልኩ። ያላሰብኩትን ሁሉ አስታወስኩ።

እትዬ በላይነሽ ወደ ምድጃው ዞረች። «እኔም እኮ አለቃ አለብኝ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለምድጃው አልገባኝም። ከዚያ ትልቁን ጎደሬ መርጣ ሰጠችኝና «የተባረክሽ ነሽ» አለችኝ። በላሁት። ጣፈጠኝም።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ እንደ ልማዷ ትከሻዬን ያዘች። ከእጇ ሥር ሾልኬ ወጣሁ።

«አውቀሽ ነው የተሸነፍሽው» አልኳት።

«ለምን ብዬ?»

«አለቃሽ ስለሆነች!»

መንገዱ መሀል ቆመች። «አዎ» አለች በመጨረሻ፤ «አውቄ ነው።»

ቀድሜያት ሄድኩ። ከኋላዬ እግሯ ቦይ ውስጥ ሲገባና ውሃው ሲረጭ ሰማሁ። ቆሜ ጠበቅኳት እንጂ ተመልሼ እጇን አልያዝኩም። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ይኼን እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ሰኞ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ቤት ነበርኩ። ረፋድ ላይ እማዬ መጣች። ምሳዋ በጨርቅ እንደታሰረ ነው። ምን ሆንሽ ብላት «ዛሬ ሥራ የለም» ብላ ተቀመጠች። ነገም እንደሌለ፣ ከነገ ወዲያም እንደሌለ አቀማመጧ ያስታውቃል።

በምሳ ሰዓት፣ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር፣ ማርታ መጣች፤ ሻሿ ላይ የቡና ብናኝ አለ። በሩ ላይ ቆማ «አልማዝ» አለች። እማዬ ግቢ አላለቻትም።

«በላይነሽ ሁሉን ነገረችኝ» አለች እማዬ። «መርፌዬን ነገረችኝ፣ ምስሬን ነገረችኝ፣ መንገድ ላይ ሰው እንደማልለይ ነገረችኝ። ጌሙን ብቻ አይታ ቢሆን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት የደበቅኩትን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል ማርታ?»

«እኔ አልተናገርኩም።»

«ሰፌዴን የምታዪልኝ አንቺ። ያመለጠኝን ጥቁር መርጠሽ የምታወጪልኝ አንቺ።»

«ሁለት ዓመት አየሁልሽ። ለምን አሁን እናገራለሁ? አማን ሆስፒታል ሂጂ፣ ሐኪም ይይሽ ብዬ ለመንኩሽ፤ ወሬው መጋዘን ይደርሳል አልሽ፤ ዝም አልኩ። አሁንም አልተናገርኩም።»

«እንግዲያው በማርያም በይኝ።»

ማርታ ራሷን ነቀነቀች። «እኛ አንምልም አልማዝ፤ ታውቂያለሽ። አልተናገርኩም ካልኩ አልተናገርኩም ነው።»

«ንጹሕ ሰው መማል አይፈራም!»

እኔ ከእማዬ ኋላ ቆሜ ነበር። መርፌው፣ ምስሩ፣ መንገዱ፤ በተናገርኩበት ተራ፣ አንድም ሳይቀር። ያኔ ገባኝ። የማርታ እጅ ከሰፌዱ ምን ያነሣ እንደነበር፣ እማዬ ለምን ወደ በሩ ታይ እንደነበር፣ ትከሻዬን ለምን ትይዝ እንደነበር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ማርታ በእማዬ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ፊቴን ማንበብ የሚያቅተው ሰው አልነበረም፤ የማይታየው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ማርታ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሻሿን እያጠበቀች ነበር።

«እሺ አልማዝ» አለች። «እኔ ነኝ ካልሽ እኔ ልሁን።» ዝናቡ ውስጥ ገብታ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች፤ የምሳ ሰዓቷ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠችም። እማዬም መንገድ ላይ ስሟን እንድጠራላት አልጠየቀችኝም።

እማዬ በሩን ዘግታ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። መጀመሪያ ግድግዳውን ነካች፣ ከዚያ አገኘችኝ። ልነግራት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ጸጉሬን ደባበሰችኝ።

«ሰው አይታመንም» አለች። «ለኔ የቀረሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አዎ እማዬ» አልኳት።